የሦስተኛው አግዳሚ ጫፍ

ሻርጃ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለአባባ እንግዳ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የሰማዩ አባታችን ሰላም በቤትዎ፣ በጓሮዎ፣ በሚቀመጡበትና በሚነሡበት ሁሉ ይሁን እላለሁ። እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል መቼም ለሰላምታ ያህል ነው።

አባባ፣ የእማዬ ማንጠግቦሽን ማረፍ የሰማሁት ከተቀበረች ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አጠገቧ ሰው ሳይኖር አይነገራት ብለው ሽማግሌዎቹ እንደወሰኑ ባለሱቋ ሀቢባ ነገረችኝ። አልፈርድባቸውም። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እጅ ተይዞ ነው። እዚህ የእኔን እጅ ማን ይይዛል? ግን ያን ሁሉ ጊዜ "ጌታ ሆይ፣ ከአልጋዋ አንሣት" እያልኩ ስጸልይ ነበር። እሷ አፈር ለብሳለች፣ እኔ ለሳንባዋ እጸልያለሁ። ያ ሁሉ ጸሎት የት ገባ? የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዬ ነበሩና እርስዎን እጠይቃለሁ።

እዚህ ሰዎች "እናትሽ ናት?" ይሉኛል። የአባቴ የአክስት ልጅ ናት፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሷና ባሏ እርስዎ ናችሁ ስላቸው ሐዘኔን ያሳንሱብኛል። ስለዚህ እናቴ ናት ማለት ጀምሬያለሁ።

የምጠብቃቸው አሮጊት፣ የማዳም እናት፣ እንቅልፋቸው ቀላል ነው። በዚህ ቤት ድምፅ አይወደድም። ስለዚህ ማልቀስ ስፈልግ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ቧንቧ እከፍታለሁ። አንድ አርብ የእኛ ሰዎች ለጸሎት የሚሰበሰቡበት ኅብረት ሄጄ ሳለቅስ አንዲት እህት ትከሻዬን ይዛ "ተስፋ እንደሌለው ሰው አታልቅሺ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እያለቀስኩ አፍራለሁ፣ እያፈርኩ አለቅሳለሁ።

እባክዎ ይጻፉልኝ። የት ተቀበረች? ምን ተዘመረላት? መጨረሻ ላይ ምን አለች? ለእኔ ያለችው ነገር ካለ፣ አንዲት ቃልም ብትሆን፣ እንዳይረሷት። ደግሞም እዚህ ለጆሮ የሚሆን መሣሪያ ይሸጣል፤ ፈቃድዎ ከሆነ ገዝቼ በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

ደብዳቤዬን ፎቶ አንሥቼ በሀቢባ ስልክ ልኬዋለሁ። እርስዎም ጽፈው ለእሷ ይስጧት፣ እንዲሁ አንሥታ ትልክልኛለች።

ልጅዎ ሩሃማ

*

ገደብ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽ ልጃችን ለሩሃማ፣

የጌታችን ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ፣ የእጅሽ ሥራ ይባረክ፣ በሰው አገር ሞገስ ይሁንልሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። መጀመሪያ መብራት ጠፍቶ ነበር። ቀጥሎ ሀቢባ ዕቃ ልታመጣ ሐዋሳ ሄደች። ከዚያ በኋላ ምክንያት አጣሁ።

ማንጠግቦሽ የተቀበረችው ወርቃ፣ ከአባቷ ቡና ማሳ ዳር ነው። ወርቃ የደረስኩት በሞተር ነው፤ የሞተሩ ልጅ ያን ጭቃ እንዴት እንደጨረሰው እሱና ጌታ ያውቃሉ። ቀብሩ ያማረ ነበር። መዘምራን ነጭ ለብሰው መጥተው ነበር። የምትወደው የንጋት መዝሙር እንደተዘመረ፣ አራቱም ቁጥር እንደተዘመረ፣ አጠገቤ የነበረው ተሻለ ወረቀት ላይ ጽፎ አሳየኝ። ዋይታ አልነበረም። የወርቃ ዘመዶቿ ደረት መምታት ሲጀምሩ ወንድሞች ሄደው አረጋጓቸው። የምነግርሽ ያየሁትን ነው፤ መስማቱን ከታይፎይዱ ወዲህ ትቼዋለሁ። ሰው ሁሉ እኔን ያይ ነበር። አላለቀስኩም። ፓስተር ሲላስ እጄን ጨብጦ ረጅም ነገር ተናገረኝ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅሁለት።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በሰኔ አጋማሽ እሑድ ምስክርነት እንድሰጥ ጠይቀውኛል። ጌታ በሐዘኔ እንዴት እንዳጽናናኝ ለጉባኤው እንድናገር ነው የፈለጉት። ዘንድሮ ብዙ ሰው ቀብረናል፣ የእኔ መጽናት ለሌሎች ብርታት ይሆናል ብለዋል። እሺ ብያለሁ።

መሣሪያውን አትላኪ። የዲላው ሐኪም ችግሩ ነርቩ ራሱ ነው፣ መሣሪያ አይረዳውም ብሎ ጽፎልኛል። መላክ ካማረሽ የሱፍ ካልሲ ላኪ፤ የገደብን ብርድ አልረሳሽውም መቼም።

የቀረውን በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ጌታ ይጠብቅሽ።

መምህር እንግዳ

*

ሻርጃ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባባ እንግዳ፣

የጌታ ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ካልሲዎቹን ገዝቻለሁ፣ በወሩ መጨረሻ ዲላ የምትገባ ልጅ ትይዝልኛለች።

አባባ፣ መጨረሻ ላይ ምን አለች ብዬ የጠየቅሁትን ዘለሉት። ስለ ጸሎቴም የጠየቅሁትን ዘለሉት። ክፍል ውስጥ ፈተና ሰጥተውን ወረቀታችንን ሲያዩ "የዘለልሽው ያላጠናሽውን ነው" ይሉኝ ነበር።

ሌላም አለ። ሀቢባን አይቆጧት፣ ጠይቄያት ነው የነገረችኝ። እሑድ እሑድ ሙሉ ልብስዎን ለብሰው፣ ክራቫትዎን አስረው ከቤት ይወጣሉ አለችኝ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትተው ሱቋ በር ላይ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ላይ ይቀመጣሉ። የዲላው አውቶቡስ ሲመጣና ሲሄድ እያዩ ያረፍዳሉ፣ ምእመናኑ ሲወጡ ደግሞ ከእነሱ ጋር ተቀላቅለው ወደ ቤት ይገባሉ። ባሏ ረሻድ ሻይ ያቀብልዎታል እንጂ ምንም አይጠይቅዎትም።

አልተቆጣሁም። ፈራሁ እንጂ። ከልጅነቴ ጀምሮ እሑድ ቀርተው የማያውቁትን እርስዎን ሣጥን ላይ ሳስብዎት እዚህ ያለው ወለል ከእግሬ ሥር የሄደ መሰለኝ። ሰኔ ላይ ቆመው ምን ሊሉ ነው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።

እኔም ልንገርዎት፣ ኅብረቱን ትቻለሁ። አሮጊቷ ባሰባቸውና ማዳም አርብ መውጣት ከለከለችኝ። እውነቱን ለመናገር ባትከለክለኝም አልሄድም ነበር።

ሩሃማ

*

ገደብ፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሃማ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ሀቢባ፣ ይህን ፎቶ ስታነሺ እያነበብሽው እንደሆነ አውቃለሁ። ወሬኛ ነሽ። ሻይሽን ግን አልተውም።

እንግዲህ ሩሃማ፣ ልንገርሽ። በቤተ ክርስቲያናችን ወንድ በቀኝ፣ ሴት በግራ እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ። ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ ማንጠግቦሽ ቦታ ለወጠች። በሴቶቹ በኩል ሦስተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ከመተላለፊያው አጠገብ መቀመጥ ጀመረች። ሰው እግሯን አሟት ነው ይል ነበር። እግሯን አላመማትም። መዝሙር ሲጀመር ፊቷን ትንሽ ወደ እኔ ታዞርና ከንፈሯን ሰፋ አድርጋ ትዘምራለች። እኔ ከማዶ ሆኜ አፏን እያየሁ የትኛው መዝሙር እንደሆነ፣ ስንተኛው ቁጥር ላይ እንደደረስን አውቃለሁ። አዝማቹ ሲመለስ ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች። ያን ሁሉ ዓመት እንዲህ ነው የዘመርኩት። ከጎኔ የሚቀመጠው ተሻለ እንኳ አላወቀብንም። ስብከቱን ደግሞ ወደ ቤት ስንሄድ ፊት ለፊቴ እየቆመች ትነግረኛለች። የፓስተሩ ሲረዝምባት "የቀረውን ባለፈው እሑድ ሰምተኸዋል" ትለኛለች።

ከቀብሩ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ሄጄ ነበር። ሰው ሲቆም ቆምኩ፣ ሲቀመጥ ተቀመጥኩ። ከበሮው ሲመታ አግዳሚው ከሥሬ ይንቀጠቀጣል። ወደ ማዶ ሳይ ቦታዋ ላይ የሕፃን ዳይፐር የያዘ ቦርሳ ተቀምጧል። አፌን ከፈትኩ። የት እንደደረሱ አላወቅሁም። መልሼ ዘጋሁት። ሁለተኛ አልተመለስኩም። ሰዎች መጥተው ያጽናኑኛል፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ እነሱም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ጠንካራ ነው የተባልኩት በዚህ ነው።

የዘለልኩትን ጥያቄ ደግሞ ልመልስልሽ። ዲላ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ አፍና አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ጭምብል አድርገውላት ነበር። እንድትተነፍስ ነው፣ ማንንም አልወቅስም። ሊነጋጋ ሲል እጄን ይዛ ተናገረች። ረጅም ነገር ነበር። ጭምብሉ በትንፋሿ ጭጋግ ለብሷል፤ ከውስጥ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ ቃሉ ግን አይታየኝም። አንድ ጊዜ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ትዘምር ይሁን ትሰናበተኝ ይሁን፣ ወይም ስላንቺ አደራ ትስጠኝ፣ አላውቅም። ለነርሷ በእጄ ምልክት ሰጠኋት፤ ሌላ በሽተኛ ይዛ ነበርና አላየችኝም። እኔም እንደ ልማዴ ራሴን ነቀነቅሁ። የገባኝ መስሏት ዓይኗን ጨፈነች።

ሩሃማ፣ ምን አለች ትይኛለሽ። ተናግራለች። እኔ ነኝ ያላየሁት። ታዲያ በዚያ እሑድ ቆሜ ምን እመሰክራለሁ? ተጽናናሁ ብል በጌታ ፊት መዋሸት ነው። አልተጽናናሁም ብል በእኔ ተስፋ ያደረገውን ሁሉ መጣል ነው። ታሞ ቀረ እንዲሉ ለማድረግ እያሰብኩ ነው።

እንግዳ

*

ሻርጃ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

የአባቶቻችን አምላክ ብቻዎን አይተውዎት። ዛሬ ሰላምታ ማሳመር አልቻልኩም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደብዳቤዎን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ቆሜ አነበብኩት። ቧንቧውን አልከፈትኩም፤ የዛሬው ለቅሶ ድምፅ አልነበረውም። ይህን ሁሉ ወር ብቻዎን ይዘውት ኖረዋል።

ልጆች ሳለን ጥቅስ በቃላችሁ ያዙ ሲሉን ሁላችንም ያችን አጭሯን እንመርጥ ነበር፣ ጌታ በወዳጁ መቃብር አጠገብ እንዳለቀሰ የምትናገረዋን። ስንፍና ነው ብለው ሌላ ይሰጡን ነበር። ሰሞኑን እሷን ብቻ ነው የማስበው። አልዓዛርን ሊያስነሣው ነው የመጣው፣ ጥቂት ቆይቶ ድንጋዩን አንሡ ሊል ነው። ይህን እያወቀ አለቀሰ። ተስፋ ያለው ሰው ማልቀስ የለበትም ከተባለ፣ እሱስ ምን ሊባል ነው? ለዚያች እህት በጊዜው ይህ አልመጣልኝም። ለእርስዎ ግን መጣልኝ፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ መልሼ ብሰጥዎት ድፍረት አይሁንብኝ።

እማዬ ምን ብላ እንደሆነ ለመገመት ሞከርኩና ተውኩት። እሷ ያላለችውን በአፏ ማድረግ አልወደድኩም።

አባባ፣ ታመምኩ አይበሉ። ለእኔ የጻፉትን ለእነሱ ይንገሯቸው። ካላስቻልዎት ደግሞ ይቅርብዎ፣ ሣጥኑ ላይ ይቀመጡ፣ እኔ አላፍርብዎትም።

ሩሃማ

*

ገደብ፣ ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽ ልጄ ለሩሃማ፣

በባዕድ ቤት የሚያጽናናሽ ጌታ ከፍ ይበል። ካልሲው ደርሶኛል፣ አንዱ ጥንድ አሁን እግሬ ላይ ነው።

ሄድኩ። ሀቢባ ሱቅ እስክደርስ ድረስ ልሂድ ልቅር አልወሰንኩም ነበር። ሣጥኑን አየሁት። ረሻድ ሻይ ሊቀዳ ሲነሣ በእጄ ዛሬ አይሆንም አልኩት፣ እሱም መንገዱን አሻገረኝ።

ስሜ ሲጠራ ተሻለ በክርኑ ነካኝ። መድረክ ላይ ወጣሁ። ድምፄ ምን ያህል እንደነበር አላውቅም፣ ተሻለ በኋላ "ጮኸሃል" ብሎ ጻፈልኝ። ያልኩት ይህን ነው፦ "ጌታ እንዴት እንዳጽናናኝ ንገረን ብላችሁኛል። ገና አልተጽናናሁም።" ከዚያ የት ትቀመጥ እንደነበርና ለምን እንደነበር ነገርኳቸው። የጭምብሉንም ነገርኳቸው። "ለልጆቻችሁ ስለ ትንሣኤ ብዙ ዘመን አስተምሬአለሁ" አልኩ፣ "ስለ ወርቁ ጎዳና፣ ስለ ዕንቁው በር። ዛሬ ጎዳናውም በሩም አላስቸኮለኝም። እኔና ሚስቴ ያልጨረስነው ወሬ አለን። በዚያ ቀን ፊቷን ገልጣ እንደገና ትነግረኛለች። ይህን አምናለሁ፣ ከዚህ ሌላ የምመሰክረው የለኝም። እስከዚያው ግን ትናፍቀኛለች።" ከዚህ በኋላ አልቻልኩም። በሰው ፊት አለቀስኩ።

ሰው መድረክ ላይ ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ፣ ኪቦርዱን ይጀምሩታል። ጣውላው ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ታወቀኝ። ፓስተር ሲላስ እጁን አነሣ፣ መንቀጥቀጡም ቆመ። ቀና ስል ሴቶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገዋል። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ዘንድሮ ስንት ቤት ሳያለቅስ እንደቀበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

በሚቀጥለው እሑድ እህት ውዳሴ መጥታ ሦስተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባሏን የቀበረችው አምና ነው። ማንም አልላካትም። መዝሙር ሲጀመር ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። እንግዲህ ልጄ፣ ጌታ ይባርካትና ውዳሴ ጥርሷን ገጥማ ነው የምትዘምረው። አንዲት ቃል አልያዝኩም። እሷ ግን ጨርሳ ፈገግ አለችልኝ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅሁላት። ይህኛው መነቅነቅ ውሸት አይመስለኝም፣ ለምስጋና ነው። አሁንም የት እንደደረሱ አላውቅም። ግን እሄዳለሁ።

ጸሎትሽ የት ገባ ብለሽኝ ነበር። በእርግጥ አላውቅም። በእነዚያ ሳምንታት እኔ መጸለይ አቅቶኝ ነበር፤ ተኝቼ ጣሪያውን አይ ነበር። ያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት ተነሥቻለሁ። አንድ ሰው ከአልጋው እንዲነሣ ስትለምኚ እኔን ያነሣኝ እንደሆነስ?

ሌላ ነገር አትላኪልኝ። ይልቅ ስታለቅሺ አትፈሪ።

እንግዳ

*

ሻርጃ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ እንግዳ፣ ጌታ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

በዚህ ደብዳቤ ላይ ብዙ አልጽፍም። አሮጊቷ ከባድ ሁኔታ ላይ ናቸው፣ ከአጠገባቸው አልጠፋም። ለመምጣት ፈቃድ ጠይቄ ነበር፣ ዘንድሮ አይሆንም ተብያለሁ። ይህን ልነግርዎት ፈርቼ ነው የዘገየሁት።

ከደብዳቤው ጋር ቪዲዮ ልኬያለሁ። ጠዋት ሁሉም ከመነሣታቸው በፊት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሆኜ የቀረጽኩት ነው። ለሀቢባ ይንገሩልኝ፣ ድምፁን ልጨምር ብላ እንዳትደክም። ድምፅ የለውም። በዚህ ቤት መዘመር ስለማልችል አፌን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት። ለሌላ ሰው የማይረባ ቪዲዮ ነው።

የንጋት መዝሙር ነው፣ አራቱም ቁጥር።

ሩሃማ

*

ገደብ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለሩሃማ፣

የቀረብሽ ፈቃድ አያሳዝንሽ፣ መንገድሽን ጌታ ያውቃል። መቅረትሽ ከብዶኛል፣ እሱን አልደብቅሽም። ቤቱ እንዳለ ነው፣ አልጋሽም እንዳለ ነው።

ትናንት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት፣ ሀቢባ ስልኩን ይዛ ወጣች። ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠችና ተበላሽቷል አለችኝ በእጇ። ተይው አልኳት። ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ፣ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ፣ ጀመርኩም። የዲላው አውቶቡስ ቆሞ ነበር፤ ረዳቱ በሩን እንደያዘ ፈዞ ያየኛል። ዘመርኩ፣ ልጄ። ከጥር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። በኋላ ድምፄ እንዴት ነበር ብዬ ሀቢባን ስጠይቃት የዕቃ መጠቅለያ ላይ "መጥፎ" ብላ ጻፈችልኝ። ዓይኗ ግን ቀልቶ ነበር።

አዝማቹ ሲመለስ ቅንድብሽን ከፍ ታደርጊያለሽ፤ ማን እንዳሳደገሽ ያስታውቃል። ሦስተኛው ቁጥር ላይ አገጭሽ ተንቀጠቀጠና ቆምሽ። እኔም ቆሜ ጠበቅሁሽ። ስትጀምሪ ጀመርኩ።

አራተኛውን ቁጥር እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ከከንፈርሽ አየሁት። ፊትሽን የሸፈነው ምንም አልነበረም።

አባትሽ እንግዳ